የብየዳ ቤቴ የጉዳት ደብተር

ደብረ ብርሃን ላይ የብረት በርና መስኮት የምንሠራበት ትንሽ ቤት አለኝ። ሰው ብየዳ ቤት ነው የሚለው። ከእኔ ጋር 6 ነን፤ ሁለት በያጅ፣ አንድ ቆራጭ፣ አንዲት ቀለም ቀቢና አንድ ለማጅ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ አምስት ስድስት ሰው ይዞ የሚሠራ ሰው "የሥራ ደህንነት የፋብሪካ ጣጣ ነው" ብሎ እንዳይቀመጥ ነው። እኔ ብዬ ተቀምጬ ነበርና።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በታኅሣሥ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ብረት በባዶ እጅ ስትይዝ ጣትህ የራስህ አይመስልህም። ለገና የሚደርስ የግቢ በር ይዘን ነበር። ቆራጩ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የበር ብረት) በግራይንደር፣ ዲስክ እያሽከረከረ በሚቆርጠው የእጅ ማሽን፣ እየቆረጠ ነው። ትንሹ ዲስክ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ሲያስቸግረው የግራይንደሩን ሽፋን ነቀለና የትልቁን ግራይንደር ዲስክ ገጠመበት። የሁለቱም የመሃል ቀዳዳ አንድ ስለሆነ ይገጥማል፤ የሚከለክለው ሽፋኑ ብቻ ነው። አይቼዋለሁ። ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። እኔም ተቀጥሬ ስበይድ እንዲሁ ነበር የምሠራው።

ዲስኩ ፈነዳ። አንዱ ስባሪ የግራ እጁን ከመዳፉ በላይ ቀደደው። ሌላው ከላሜራ ጣሪያው ላይ ተሰክቶ ቀረ፤ እስካሁን አላወጣሁትም። ጎረቤት ቡና የምታፈላ እናት ሮጣ መጣችና ደሙ እንዲቆም ብላ የተፈጨ ቡና ቁስሉ ላይ ጠቀጠቀችበት። እኛም አመሰገንናት። ሐኪም ቤት ስንደርስ ግን ሐኪሙ ከመስፋቱ በፊት ያን ቡና ፍሬ በፍሬ አጥቦ ማውጣት ነበረበት። ልጁ ያን ጊዜ ያሰማው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ጅማት ተቆርጧል ተባለ። አራት ወር ሥራ አልነካም።

በሁለተኛው ሳምንት አጎቱ ከመንዝ ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ። ተቀመጥን። እኔም ያለኝን ተናገርኩ፦ ሽፋኑን የነቀለው ራሱ ነው፣ ማንም አላዘዘውም፣ ለሕክምናው እንደ ወንድም አግዘዋለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ዘመናቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ "ልጄ፣ ማን ነቀለው ብለን አልመጣንም። ሲነቀል አንተ የት ነበርክ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እዚያው ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ነበርኩ።

በማግስቱ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄጄ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪውን አገኘሁት። ቅጣት ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አውጥቶ አንቀጽ 92ን እንዳነብ ሰጠኝ። አጭር ናት። አሠሪ ሠራተኛው ስለሚሠራው ሥራ አደጋ እንዲያውቅ ማድረግ አለበት። መከላከያ ይሰጣል፣ አጠቃቀሙንም ያሳያል። የሥራ ቦታው ለጤና አደገኛ እንዳይሆን ይጠብቃል። እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ ሠራተኛውን ያስመረምራል። የደረሰውን ጉዳትና የሥራ በሽታ መዝግቦ ለተቆጣጣሪ ያሳውቃል። "ከሃምሳ ሰው በላይ" የሚል ነገር ፈለግኩ። የለም። አንድ ሰው ከቀጠርክ ይመለከትሃል። የቅጥር ወረቀት አልፈረምንም ማለትም አያድንም፤ በቃል የተቀጠረም ሠራተኛ ነው።

ከዚያ ስለ ካሳው አነበብኩ። በሕጉ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ያደረሰው ጉዳት ከሆነ ግን ይለያል። በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ከሆነ እንደዚያ ይቆጠራል። እኔ ደግሞ አንድም ቀን መመሪያ ሰጥቼ አላውቅም። ያልተሰጠ መመሪያ እንዴት ይጣሳል? ስለዚህ ሕክምናው የእኔ ነው። ደሞዙም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። ወርኃዊ ደሞዙ 6,000 ብር ነበር። ሦስቱን ወር ሙሉውን፣ አራተኛውን 4,500 ከፈልኩ። በድምሩ 22,500 ብር፣ ከሕክምናው ሌላ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይህ አልነበረም። ልጁን በጡረታ አላስመዘገብኩትም ነበር። የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለ ካሳው የአምስት ዓመት ደሞዙ ነው። አስላው፦ 6,000 በ12 ወር፣ በ5 ዓመት፣ 360,000 ብር። እጁ ቢቀር በጉዳቱ ልክ ከዚህ ተሰልቶ የምከፍለው እኔ ነኝ። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከደሞዙ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣል። ያኔ 11 በመቶዋን የቆጠብኩ መስሎኝ ነበር። አሁን አምስቱም ተመዝግበዋል።

እንግዲህ ወደ ደብተሩ። ተቆጣጣሪው "መዝግብ" ሲለኝ ለይስሙላ የምትያዝ መስላኝ ነበር። የተማሪ ደብተር ገዛሁና በእርሳስ አሰመርኳት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ማን፣ ምን ሲሠራ፣ ምን ሆነ፣ ምን አደረግን። እሱ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትንሹንም ጻፍ። ልጥ ያለ ጣት፣ የዓይን ብናኝ፣ እግር ላይ የወደቀ አንጎላሬ (ባለ ማዕዘን ብረት)፣ ሳይጎዳ ያለፈም ቢሆን። መጀመሪያ ልጆቹ ሳቁ። "ጋሼ፣ ይሄም ይጻፋል?" እያሉ የቆሰለ ጥፍር ያሳዩኛል። ከደሞዝ ሊቆረጥ ነው ብሎ የደበቀም ነበር። እንደማይቆረጥ በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ መጻፍ ጀመሩ።

በአራት ወር 23 መስመር ሞላ። አንድ እሑድ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳየው ከ23ቱ 14ቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት የደረሱ ናቸው። እኛ ሥራ የምንጀምረው 2 ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት በማትሞላ ጊዜ ውስጥ ከግማሽ በላይ! እኔ ሁልጊዜ አደጋ የሚመጣው ሰው ሲደክመው፣ ማታ ማታ ይመስለኝ ነበር። ደብተሩ ባይኖር ዛሬም እንደዚያው ባልኩ።

ነገሩ ሦስት ነበር። አንደኛው ብርዱ ራሱ ነው። የደነዘዘ ጣት ግራይንደር አጥብቆ አይዝም። ሁለተኛው፣ እንዲሞቀን ብለን በሩን እንዘጋና መሃል ላይ ከሰል እናነድዳለን። በአንድ ጠዋት ሦስት ሰው "ራስ ምታት" ብሎ ተመዝግቧል። እኛ ብርድ ነው ብለን ነበር። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛም ጋዝ ይለቃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሉታል። መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፤ ሲብስ ሰውን እንደተኛ ያስቀረዋል። በደጋው አገር በየክረምቱ በከሰል ጭስ ታፍኖ ስለሞተ ቤተሰብ እንሰማለን፤ ለቅሶም እንደርሳለን። ሥራ ቦታችን ያው ቤት እንደሆነ ግን አላሰብንም። የብየዳው ጭስ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት።

ሦስተኛው አረቄ ነው። እዚህ ላይ ሳልሸፋፍን ልናገር። በእኛ አገር ጠዋት አንድ መለኪያ ደፍቶ መምጣት መስከር አይባልም፤ መሞቅ ነው የሚባለው። ሙቀቱ ግን የቆዳ ነው። አልኮል ደሙን ወደ ቆዳ ያወጣውና የውስጥ ሙቀትህን ያስወስድሃል፤ እጅና ዓይንን ደግሞ ያዘገያል። ከልጆቹ ጋር ስንነጋገር ያልተቀበለኝ አንዱ በያጅ ነበር። "አባቴ ሰባ ዓመት ጠጥቶ እጁ አልተቆረጠም" አለኝ። "አባትህ በደቂቃ 11,000 ዙር የሚሽከረከር ነገር ይዘው አያውቁም" አልኩት። ሳቀና ተወው። አሁን ቀምሶ የመጣ ሰው ማሽን አይነካም። ወደ ቤትም አልሰደውም፤ ብሩሽ ይዞ ዝገት ይፍቃል። ማንም በጓደኞቹ ፊት ዝገት መፋቅ አይወድም።

ጠዋታችንን ቀየርነው። ከ2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ማሽን አይነሳም። ልኬት ይወሰዳል፣ ብረት ይመረጣል፣ ገመድና ስፒና ይታያል። ከሰሉ ግቢ ውስጥ ነው፤ እጁ የደነዘዘ ወጥቶ ይሞቃል። በሩ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው። ከበሩ ትይዩ ደግሞ መስኮት አስከፈትኩ፤ ነፋሱ እንዲያልፍ። ትኩስ ሻይ በእኔ ሒሳብ ነው። በጾም ጊዜ ሻዩ ይቀራል። በሁዳዴ ልጆቹ እስከ 9 ሰዓት ስለሚጾሙ ከሰዓት በኋላ ይዝላሉ። ስለዚህ ከባዱን መቁረጥና ማንሳት እጅ ከሞቀ በኋላ፣ ረሃቡ ሳይጠና፣ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው እንጨርሳለን። ይህንን ማንም አማካሪ አይነግርህም፤ ደብተርህ ነው የሚነግርህ።

ስለ ዲስኩ ትንሽ ልቆይ፤ በየከተማው የማየው ጥፋት ነውና። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል። ለእሱ የተሠራው 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ እስከ 13,300 ዙር ይችላል። ትልቁ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ ደግሞ ወደ 6,600 ዙር ተጽፎ ታያለህ። ሁለቱም የተሠሩት ጠርዛቸው በሰከንድ 80 ሜትር እስኪሄድ ድረስ ነው። ይህ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ትልቁን ዲስክ ትንሹ ማሽን ላይ ስትገጥመው ጠርዙ በሰከንድ ወደ 132 ሜትር ይከንፋል። ዲስኩ ሙጫና አሸዋ መሰል ነገር ነው፤ ይበተናል። እድል አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ይህን ቁጥር ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌ ብረት አጥብቆ ከሚይዝልን ሞርሳ በላይ ሰቅዬዋለሁ።

ሌላም አለ። በዲስኩ መሃል ያለችውን የብረት ቀለበት እዩዋት፤ የሚያበቃበት ጊዜ ተመቶባታል። እርጥበት ሙጫውን ያላላዋል። የእኛ ክረምት ደግሞ ጭጋግ ነው። አሁን ዲስኮቹን መሬት ላይ ሳይሆን ደረቅ ሣጥን ውስጥ ነው የማስቀምጠው። የወደቀ ዲስክ ይጣላል፤ "ደህና ነው" የለም። ሽፋን የነቀለ ሰው ደግሞ የዚያን ቀን ማሽን አይዝም። ሕጉም በአንቀጽ 94 ሠራተኛው የደህንነት መሣሪያን እንዳይነቅል ይከለክለዋል። ይህን በደንባችን ጽፈን፣ ጮክ ብዬ አንብቤላቸው፣ ሁሉም ፈርመዋል። ማንበብ የሚቸገር ስላለ ነው ጮክ ብዬ ያነበብኩት። ፊርማ ብቻ መሰብሰብ ማሳወቅ አይደለም።

ስለ ልብስ የተማርኩት ነገር አስቆኛል። ሱቅ ሄጄ ጓንት፣ መነጽርና ቱታ በጅምላ ገዛሁና ግዴታዬን የጨረስኩ መሰለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ደብተሩ ላይ "ጓንቱን ትራፓኖ ያዘው" የሚል ተጻፈ። ለካ ጓንት ለብየዳና ብረት ለመሸከም ነው። የሚሽከረከር መሰርሰሪያ ላይ ጠላት ነው፤ ክሩን ይይዝና እጅን ይስባል። ሻርፕም እንዲሁ፣ ጋቢም እንዲሁ። በእኛ ብርድ ሻርፕ አውልቅ ማለት ደግሞ ቀልድ አይደለም። መፍትሔው ከቱታው ሥር የሚለበስ የሱፍ ሹራብ ሆነ። የቦንዳ ጃኬት አብዛኛው ናይለን ስለሆነ ፍንጣሪ ሲያርፍበት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱፍ ግን አይቀልጥም፣ እሳትም ቶሎ አይቀበልም። የመንዝ በግ ለካ የደህንነት መሣሪያ አቅራቢ ነበር!

ብየዳ ዓይን ሲመታ ሕመሙ የሚመጣው እዚያው አይደለም፤ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ነው። አሸዋ የገባበት ይመስላል። ብዙ ሰው ድንች ቆርጦ ዓይኑ ላይ ያስቀምጣል። ይተዉት፤ ዓይኑ ቆስሏል፣ ድንቹ ደግሞ ጀርም ያመጣል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሽራል፤ ካልሆነ ግን ሐኪም ነው። የረሳነው ደግሞ መንገደኛውን ነበር። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት በራችን ላይ ቆመው ብልጭታውን ያያሉ። አሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ገዝቼ በበያጁና በመንገዱ መሃል ጋረድኩ።

ወተትም አለ። ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተቀባ፣ ላሜራ የበየደ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። ከዚንኩ ጭስ ነው። እኛ ወተት ገዝተን እንሰጥ ነበር፣ ጭሱን ያጥባል እየተባለ። ወተቱ ሆድ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ሳንባ። አሁን የሚበየደውን ቦታ ዚንኩን አስቀድመን ፍቀን፣ ግቢ ውስጥ ነፋስ ባለበት እንበይዳለን። ፍቂያውም ያለ አፍ መሸፈኛ አይደረግም። ወተቱንም አላስቀረሁም፤ ልጆቹ ለመዱት።

ቃጠሎ ላይ ኮልጌት መቀባትም ቀርቷል። ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ቧንቧችን እንደልብ ስለማይመጣ ለዚህ ብቻ የተቀመጡ ሁለት ጀሪካኖች አሉ፤ እጅ መታጠቢያ ያደረጋቸው ሰው ይሞላቸዋል። ለደም ደግሞ ንጹሕ ጨርቅና አጥብቆ መጫን። ለቡና አፍይዋ እናትም ይህንኑ በደንብ አስረዳናት። አልተቀየመችም።

ለማጁ የወንድሜ ልጅ ነው፤ 16 ዓመቱ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለውም ለሕይወቱና ለጤናው አደገኛ ሥራ ላይ አይመደብም፣ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ሌሊትና ትርፍ ሰዓትም የለም። ወንድሜን ማሳመን ከአዋጁ ይልቅ ከበደኝ። "አንተ በ13 ዓመትህ አይደል የጀመርከው?" ይለኛል። አዎ፣ ለዚህም ነው የቀኝ ጆሮዬ በደንብ የማይሰማው። ልጁ ልኬትና ስዕል ይማራል፣ ሒሳብ ይይዛል።

ተቆጣጣሪው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥቷል። ደብተሩን፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥኑንና የማሽን ሽፋኖቹን አየ፤ ቀቢዋ ቲነር የምትቀላቅልበት ቦታ ከብየዳው እንዲርቅ አዘዘን። አራቅነው።

ቆራጩ ተመልሷል። ሁለቱ ጣቶቹ እስከ መጨረሻው አይታጠፉም፤ ግራይንደር ግን ራሱ አልፈልግም ብሎ ትቷል። አሁን ደብተሩን የሚይዘው እሱ ነው። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ደንበኛ ሲያጣድፈኝ ያለ መነጽር ሁለት ነጥብ በየድኩ። ሌሊቱን ዓይኔ ሲቆረቁረኝ አደረ። ጠዋት ስገባ ተጽፎ ጠበቀኝ፦ "ማክሰኞ፣ 10 ሰዓት፣ ጋሼ። ያለ መነጽር ሲበይዱ ብየዳ መታቸው። ተነግሯቸው ነበር።"